የመርዶ ጸጋ

በዚያ እሑድ ቄስ ናሁሰናይ ስለ ጸጋ ሲሰብክ ዓይኑ እየዞረ ዳኘው ላይ ማረፉ ከዳኘው አልተሰወረም። ዳኘው ሁልጊዜ ከሚቆምባት ቦታ፣ ከዋርካው ሥር፣ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። ሌላው ሰው ሲሰበክ ያለቅሳል፣ ያንቀላፋል፣ ልጅ ያጠባል፤ ዳኘው ግን ሰባኪውን ይጠብቃል። ከአፉ የወጣችው ቃል ለማን እንደተወረወረች ሳያውቅ ወደ ቤቱ አይገባም።

«እግዚአብሔር ባዶ እጁን የላከው ሰው የለም» አለ ቄስ ናሁሰናይ። «ለአንዱ ዜማ ሰጥቶታል፣ ለአንዱ ምክር፣ ለአንዷ እንግዳ መቀበል። የተሰጠውን ሳያውቀው አፈር የሚገባ ግን ብዙ ነው። እዚህም መካከላችን አለ።» ይህን ብሎ እንደገና ወደ ዋርካው አየ።

«ጀመረኝ» አለ ዳኘው በሆዱ።

ለዳኘው ጸጋ የሚሉት ቃል የቆየ ቁስል ነው። ልጆች ሳሉ እሱና ናሁሰናይ ከአንድ የኔታ ዘንድ ዜማ ይማሩ ነበር። አንድ ማለዳ የኔታ ተማሪውን ሁሉ አስቀምጠው ዳኘውን ብቻውን አስዜሙትና ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ልጄ፣ ይህ ድምፅ በሬ እንድትመልስበት ነው የተሰጠህ። ወደ አባትህ ሂድ» አሉት። ተማሪው ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ናሁሰናይ ነበር፤ ቢያንስ ዳኘው እንደዚያ ነው የሰማው። ከዚያ ናሁሰናይ ቀሰሰ፣ ጠመጠመ፣ ካባ ደረበ። ዳኘው በሬ መለሰ። በማኅበር ጠላው መጨረሻ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ ለዚያውም አተላው ሲቀርብ። ጎረቤት ሲጣላ ለሽምግልና እሱን ዘለው ታናሹን ይጠራሉ። ይህን ሁሉ አንድም ሳይጥል በሆዱ ይዞታል። የተማረው ትንሽ ነው፤ የረሳው ግን የለም።

ሕዝቡ ጠበሉን ቀምሶ ሲበተን ቄሱ ጠራው።

«ዳኘው፣ ቆይማ። የማዋይህ ነገር አለ።»

«እኔን ነው አባታችን? ሌላ ዳኘው ያልፍ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አንተኑ ነው።»

ቄሱ አንተ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ አብሮት ቆሎ ለምኖ የበላውን ሰው አንቱ ይለዋል። ለማክበር አይደለም፤ ለማራቅ ነው። ከሰንበቴው ቤት ጀርባ ሲዞሩ የአጥቢያው ሽማግሌ አያ ተስፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ዳኘው ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያይ በትሩን ጠበቅ አደረገ።

«የሀብትነሽ ልጅ፣ ስመኘው፣ ዐርፏል» አለ ቄስ ናሁሰናይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስመኘው ጎረምሳ ነው፤ ለሀብትነሽም ያለ እሱ ልጅ የላትም። በመስከረም ማብቂያ ከጓደኛው ከባምላኩ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። እዚያ ወባ ጣለው፤ እዚያው ተቀበረ። ባምላኩ ተመልሶ ይህን ለቄሱ እያለቀሰ ነገረና የእናቲቱን ፊት ማየት ስላልቻለ ወደ ቡሬ አለፈ፤ እዚያ እህል ይሸከማል አሉ።

«ነፍስ ይማር» አለ ዳኘው። ቀጥሎ ግን «ታዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?» አለ።

«መርዶውን አንተ እንድትነግራት ነው።»

ዳኘው ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። «ሽማግሌ አለቀ? መርዶኮ ጨዋ አፍ ነው የሚነግረው ሲባል ነው የኖርነው።»

«እኛንማ ከልክላናለች» አለ አያ ተስፋው አንገቱን ደፍቶ።

እውነቱን ነው። ያገሩ ወግ መርዶን አለስልሶ ማድረስ ነው፤ መጀመሪያ አሞታል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ ከዚያ ሽማግሌው ጎህ ሲቀድ በር ላይ ይቆማል። የሀብትነሽ ባል ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሞተ ጊዜም እነ ተስፋው በወጉ መሠረት «ትንሽ አሞታል፣ አጥሚት ይዘሽ ሂጂ» አሏት። አጥሚቱን ታቅፋ ሄደች። ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ የማታውቀው ዘበኛ «ሬሳውን ወስደውታልኮ» አላት። አጥሚቱን ታቅፋ ስትመለስ ድንኳኑ ደጇ ላይ ተተክሎ አገኘችው። በሦስተኛው ቀን ልቅሶተኛው መሀል ተነሥታ፣ «ከእንግዲህ ለእኔ ብሎ ውሸት ያዘለ ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ተስፋው በደጇ ላለማለፍ መንገድ ይቀይራል።

«አንተ ግን አትዋሽም» አለ ቄስ ናሁሰናይ። «አፍህ ማር አያውቅም።»

«ይህ ስድብ ነው ምርቃት?»

«ጸጋ ነው።»

ዳኘው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ዜማው ለእናንተ፣ ካባው ለእናንተ፣ ሬሳው ለእኔ። ጸጋ ሲከፋፈል ለካ እኔም ቆሜ ነበር!» ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ዓባይነሽ በርበሬ ትለቅማለች። የሰማውን ሁሉ ነገራትና መደምደሚያውን ጨመረላት። «ሕያው ቀባሪ ሊያሰኙኝ ነው።»

ሕያው ቀባሪ የሚባለው በወዲያኛው አጥቢያ የሚኖር ገነነ የሚሉት ሰው ነው። የአንድ ጎረምሳ መርዶ በሰማው ወሬ ብቻ ነገረ፤ እናት ፊቷን ነጨች፣ ቤተሰብ ማቅ ለበሰ፣ ለአርባው ድግስ ተደግሶ ቄሱ ሊባርኩ ሲነሡ ሟቹ አዲስ ጫማ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ገነነ ዛሬም ገበያ ሲወጣ ልጆች «ጋሼ፣ እኔስ አለሁ?» እያሉ ይከተሉታል።

«ያየው አንድ ሰው ነው» አለ ዳኘው። «እሱም ሸሽቷል። ናሁሰናይ ደግሞ ወሬው ሐሰት ቢሆን የሚዋረደው ማን እንዲሆን ፈለገ? እኔ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ አንተን ለመጣል ሲመክር የሚያድር ይመስልሃል። ሰው እኮ የራሱ እንቅልፍ አለው» አለች ዓባይነሽ እጇን ከበርበሬው ሳታነሣ።

«እንዲያ ነው እንጂ። አንቺም ከእነሱ ነሽ።»

«እኔማ ከበርበሬው ነኝ። ሂድ ውኃ ቅዳልኝ።»

በማግስቱ ከወንዝ ሲመለስ ሀብትነሽን ከወፍጮ ቤት ስትመጣ መንገድ ላይ አገኛት። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ ቀጥ ያለች፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ነች። እሷም አንዴ በማኅበር መሀል «የዳኘው ፊት ካለበት ጠላው ይኮመጥጣል» ብላ ሰው አስቃበታለች፤ ያቺም ቃል በሆዱ ከያዛቸው ውስጥ ነች። ሰላም ብሎ ሊያልፍ ሲል አስቆመችው።

«አንተ ዳኘው፣ ቁም እስቲ።»

«አቤት እትዬ ሀብትነሽ።»

«ለጥምቀት ስመኘው ይመጣል ብዬ ብቅል አስፈጭቼ መመለሴ ነው። ወፍጮ ቤት ስገባ ሴቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ ተራዬ ሳይደርስ አስቀደሙኝ።» ዱቄቱን ከትከሻዋ አወረደችው። «እኔን ማን አስቀድሞኝ ያውቃል? ትናንትም የተስፋው ሚስት ሳልጠይቃት ጎመን ላከችልኝ። ምን ሆኜ ነው? ምን ሰምተው ነው?»

ሲደርስ ጨዋታ የሚቋረጥበት፣ ሲርቅ ወሬው እንደገና የሚቀጥልበት ሰው ሆኖ መኖርን ከዳኘው የበለጠ የሚያውቀው የለም። ዘመኑን ሁሉ ሲገባበት የኖረው ዝምታ አሁን ይቺን ሴት ከቧታል። እሷ ደግሞ ልክ እንደ እሱ እያንዳንዷን ነገር እየለቀመች ታገላብጣለች። ደግነታቸው ነው ያስጠረጠራት።

«የማውቀው የለም» አላት። ይህ እውነት ነው፤ የሰማው እንጂ የሚያውቀው አልነበረም። «ሳውቅ ግን አልደብቅዎትም።»

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «ማልልኝ።»

«በሚካኤል።»

ዱቄቱን እሱ ራሱ አንሥቶ አሸከማትና ሄደች። ዳኘው የቀዳውን ውኃ ረስቶት መንገዱ ላይ ቆመ። አሁን ወይ ነግሮ ሕያው ቀባሪ መሆን ነው፣ ወይ ዝም ብሎ መሐላ መብላት ነው። የማንኩሳ ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ እሷ ብቅሏን ስላስፈጨች ጌሾ ልትገዛ ትወጣለች፤ አንድ ሰካራም ወይም አንድ ሕፃን እንደ ያኔው ዘበኛ አፉን ሊከፍትባት ይችላል።

ሐሙስ ማለዳ ማንኩሳ ወጥቶ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄደ። ለዓባይነሽ እንኳ የት እንደሚሄድ አልነገራትም፤ ለማን ሹክ እንደምትል ምን ያውቃል።

ባምላኩን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ደጅ የበቆሎ ጆንያ ተሸክሞ አገኘው። ጎረምሳው ዳኘውን ሲያይ ጆንያው ከትከሻው ወረደ።

«ጋሼ ዳኘው... እማማ ሀብትነሽ ሰሙ?»

«ምን የሚሰሙት አለና? ቁጭ በል። የሞተ ሰው አለ ብለሃል፤ ሬሳውን በዓይንህ አይተሃል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔው ነኝ የገነዝሁት!»

«ብቻህን?»

«ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ጋር።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ታቦት ማን ነው?»

«ገብርኤል።»

«ዲያቆኑስ ስሙ?»

ባምላኩ ስሙን ነገረው። ዳኘው አላቆመም። መቼ አመመው፤ መጀመሪያ ምን አለ፤ ማን ክኒን ሰጠው፤ እስከ ጤና ጣቢያው በምን ሄደ። ባምላኩ በጀርባው አዝሎት እንደነበር፣ መንገድ ላይ ስመኘው «አውርደኝ፣ ጠረንህ ከወባው ባሰብኝ» ብሎ እንዳሳቀው፣ የቤታቸው በርበሬ ተለቅሞ ይሆን ወይ ብሎም ሁለት ጊዜ እንደጠየቀው ነገረው። ፍትሐት ተፈትቶለታል? አዎ። የተቀበረው የት ላይ ነው? ከቅጽሩ በምሥራቅ በኩል፣ ከአንድ ትልቅ የዲዛ ዛፍ ሥር። ዳኘው አንድ ነገር በሁለት መንገድ ይጠይቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለስበታል፤ መልሱ ይለወጥ እንደሆነ የባምላኩን ዓይን ያያል። አልተለወጠም። በመጨረሻ ባምላኩ ከኪሱ ጥቁር ማተብ አወጣ። ጫፉ ላይ ያለችውን ከወይራ የተጠረበች መስቀል ዳኘው ያውቃታል፤ የስመኘው አባት በክረምት ደጁ ተቀምጦ ሲጠርባት አይቷል።

ያኔ አመነ። የወረደው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ሳያውቀው፣ ወሬው ሐሰት እንዲሆን ሲመኝ ነበር፤ ናሁሰናይን ለማሳፈር ብሎ ብቻም አልነበረም።

ማወቅ የነበረበትን አውቋል፤ ሊነሣም ይችል ነበር። ነገር ግን የለመደው መጠርጠር አላስነሣው አለ።

«ሲሞት እጅህ ላይ ነበር?»

«አዎ» አለ ባምላኩ፤ ቶሎ ብሎ።

እስከዚያ ድረስ አንዱንም መልስ ቶሎ አልመለሰም ነበር። ብዙ ጋሪ እስኪያልፍ ድረስ ዳኘው ዓይኑን ከፊቱ አላነሣም።

«አልነበርሁም» አለ ባምላኩ፤ እንባው መጣ። «ውኃ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ስመለስ አልቋል። ጤና ጣቢያው ደጅ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነች ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ዓይኑን ከድናለት ያገኘኋት። ለአባ ናሁሰናይ እቅፌ ላይ ነው የሞተው ብያቸዋለሁ። ጋሼ፣ ለእማማም እንደዚያ ይበሉልኝ፤ እባክዎ።»

«ሴትየዋ ስሟ ማን ነው?»

«አልጣሽ።»

«አገሯ?»

«ከቋራ ነኝ ብላኛለች። ምነው ጋሼ፣ ይህ ምን ያደርጋል?»

«እኔ እንጃ» አለ ዳኘው። እውነትም አያውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀጥታ ወደ ቄሱ ቤት ሄደ። ከደጁ ሳይገባ፣ «ሞቱ እውነት ነው። አሟሟቱን ግን ዋሽቶዎታል» አለና ሁሉንም ነገረው።

ቄስ ናሁሰናይ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺን እንኳ እንተዋት ዳኘው። ልጄ ከባዳ ሴት እጅ ላይ ሞተ ስትል ትጎዳለች። በጓደኛው እቅፍ ይሁንላት።»

«እንደዚያ የሚል ከፈለጉ አያ ተስፋው አለ።»

«ለርኅራኄ ብዬ ነው እንጂ...»

«እርስዎ አይደሉም አፍህ ማር አያውቅም ያሉኝ? ወይስ ጸጋዬ እርስዎን ሲደርስ ይቆማል?»

ዳኘው ያን የልጅነቱን ሳቅ ሊጠይቀው አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። ሰውየው ያሰበለት ይሁን ያሰበበት አሁንም አልለየለትም። ምናልባት ዳኘው ከማንም የሰማውን ሳያጣራ እንደማይቀበል ዐውቆ፣ ለዚሁ ብሎ መርጦትም ይሆናል። ይህ ከሆነ ደግሞ የባሰ ተንኮል ነው። «ነገ ጠዋት ነው» ብሎ ወጣ።

በወጉ መሠረት ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ከሀብትነሽ አጥር ጀርባ ተሰበሰቡ፤ ለቅሶው ሲሰማ ሊገቡ። ዳኘው ግን ፀሐይ እስክትወጣ አስጠበቃቸው። «በጨለማ በሯን ካንኳኳሁ አፌን ሳልከፍት ነገርኋት ማለት ነው። ቆሜ በብርሃን እነግራታለሁ» አለ። አያ ተስፋው አጉረመረመ፤ ማንም አልሰማውም።

ሀብትነሽ ከግቢዋ በርበሬ እያሰጣች ነበር። መሬቱ ቀልቷል። ዳኘው ብቻውን ሲገባ አይታ ቀና አለች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ስመኘው ሞቷል።»

ዐርፏል አላለም፣ ተለይቷል አላለም። ዜማ የከለከለችው ያቺ ድምፁ ግቢውን ሞልታ አጥር ተሻግራ ወጣች፤ ወዲያ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ሀብትነሽ አልጮኸችም። ከዚያ፣ «ማን አየው?» አለች።

«ባምላኩ። ትናንት ቡሬ ሄጄ አገኘሁት። ይኸው።» ማተቡን ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ መስቀሏን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት።

«ምን ነካው?»

«ወባ። ጤና ጣቢያ አድርሶታል፤ በጀርባው አዝሎ። ዘግይቷል።»

«ፍትሐት?»

«ተፈትቶለታል። ገብርኤል ነው የተቀበረ፤ በምሥራቅ በኩል፣ ዲዛ ሥር። ባምላኩና የዚያ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ገነዙት።»

«ምን አለ? ሲያቃስት ምን አለ?»

«በርበሬው ተለቅሞ ይሆን ወይ ብሎታል ባምላኩን። ሁለት ጊዜ ጠይቋል።»

ሀብትነሽ መሬቱን አየችው። ከዚያ ዳኘው ሲፈራው የነበረው ጥያቄ መጣ።

«ዓይኑን ማን ከደነለት?»

ከአጥሩ ወዲያ ቄስ ናሁሰናይ እንደሚሰማው ያውቃል። «ባምላኩ አልነበረም» አላት። «ውኃ ፍለጋ ሄዶ ነበር። የከደነችለት ሻይ የምትሸጥ ሴት ነች። ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ። የቋራ ሴት ነች።»

«ስሟ?»

«አልጣሽ።»

«አልጣሽ» አለች ሀብትነሽ። ደግማ፣ «አልጣሽ» አለች፤ የቤተሰብ ስም እንደምትጠራ። «እንኳን ሴት ሆነች። እንኳን የሴት ጭን አገኘ።» ከዚያ በርበሬው ላይ ወደቀችና ጩኸቷ ወጣ።

ሕዝቡ ግር ብሎ ገባ። ሴቶቹ ደገፏት፤ እሪታው አገር አናወጠ። ዳኘው ወደ ዳር ወጥቶ ሰው እንዳይረግጠው በርበሬውን በእግሩ ወደ አጥሩ ጥግ ይሰበስብ ጀመር። ሥራው አልቋል ብሎ ነበር። ለቅሶው በረድ ሲል አያ ተስፋው ከፊቷ በርከክ ብሎ በለሰለሰ አፉ ጀመረ።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ሳይሠቃይ ነው አሉ፤ እንደ እንቅልፍ ነው አሉ...»

«ዝም በል ተስፋው!» አለች ሀብትነሽ። «ማን አየና ነው አሉ የምትለኝ? ዳኘው የታለ? ዳኘውን ጥሩልኝ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ለዳኘው መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱ በርጩማ ገፋለት። ቄስ ናሁሰናይ ከበሩ ቆሞ ያየዋል። ምን እያሰበ እንደሚያየው ሌላ ቀን ቢሆን ዳኘው ሳያጣራ አያድርም ነበር፤ አሁን ግን ጊዜ የለውም።

«እዚህ ቁጭ በል» አለችው፤ ማተቡን በጣቷ ጠምጥማዋለች። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። ሲታዘል አንድ ነገር ብሎ አላሳቀም እሱ? ልጄ ሳያሾፍ አይሞትም።»

«አሹፏል» አለ ዳኘው። በትሩን መሬት ላይ አጋደመና ተቀመጠ። «አዝሎት ሲሄድ ነው። ባምላኩን ጠረንህ ከወባው ባሰብኝ አለው።»

ሀብትነሽ በእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። «ቀጥል» አለችው።

ዳኘው ቀጠለ።